ግማሽ መሬት

እዚያ ሰፈር በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ ሁሉም «ጠንቋይዋ» ነበር የሚሉኝ። ሥራዬ የወንዙን የወደፊት ውሃ ማስላት ነው። የዝናቡን፣ የሙቀቱንና የፍሰቱን የዓመታት መረጃ ለኮምፒውተሩ እሰጠዋለሁ፤ እሱም አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ለመስኖው ምን ያህል ውሃ እንደሚተርፍ ይነግረኛል።

ያን ወጣት ያገኘሁት የመስኖው ቦይ አፍ ላይ ነው። የመስኖ ውሃ አከፋፋይ ነበር። እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ መለኪያ ስተክል ዳር ቆሞ አየኝ።

«እጅም ታነቢያለሽ አሉ» አለኝ።

«የታጠበ ከሆነ።»

ጭቃ የለበሰ እጁን አየና ሳቀ። ከዚያ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና መለኪያውን ያዘልኝ። ብዙም አላወራን። እኔ ቁጥሩን ሳነብ እሱ የሚያየው ቁጥሩን እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል፤ ገብቶኝም ቀስ ብዬ አነበብኩ።

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ስለ ጋብቻ ማውራት ጀመርን። አባቱ የመስኖ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያለውን ጠፍ መሬት በሙሉ ብርቱካን አልብሰው ለልጃቸው መዳሪያ ሊሰጡት ቆርጠዋል። ለዚሁም አዲስ ቦይ ሊያስቆፍሩ ነው።

የስሌቴ ውጤት ሲወጣ አልተጠራጠርኩትም፤ ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ። ልቤ ግን ከበደ። ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ የበጋው ውሃ በሲሶ ይቀንሳል። ማዶው ሁሉ ከለማ ደግሞ ታች ያሉት ገበሬዎች አፋቸውን የሚያርሱበት እንኳ አይተርፋቸውም።

ውጤቱን ለማኅበሩ የማቀርብበት ስብሰባ ሊጀመር ሲል እሱ ቢሮዬ መጣ።

«ቁጥሩን ትንሽ ማለዘብ አይቻልም?»

«ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ስነግርህ ታምነኛለህ?»

 የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆየና ሳይቀመጥ ወጣ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እንዳለ ተናገርኩ። ስጨርስ አባቱ ብድግ አሉ።

«ለመሆኑ ቤቴ ልትገቢ ነው ወይስ ቤቴን ልታፈርሺ?»



«አባባ፣ ወንዙን እኔ አላደረቅኩትም» አልኳቸው። «ሳይደርቅ ልድረስ ብዬ ነው።»

ያኔ እሱ ከኋላ ተነሳ። አባቱን ሊያግዝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ማዶው ግማሹ ብቻ ቢለማስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ያውም በጠብታ መስኖ?»

ኮምፒውተሩን እዚያው ከፈትኩ። ተሰብሳቢዎቹ እያጉረመረሙ ሲጠብቁ እኔ አሰላሁ።

«ታች ላሉትም ይደርሳል» አልኩ።

«እንግዲያው እኔ የምፈልገው ግማሹን ነው» አለ። የተናገረው ለአባቱ ነው፤ የሚያየው ግን እኔን ነበር። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም፤ እሱም ከእኔ ላይ አላነሳም።

አባቱ አዳራሹን ጥለው ወጡ። ሳምንት ሙሉ ከሁለታችንም ጋር ተኳርፈው ከረሙ። ከዚያ አንድ ጠዋት ብቻቸውን ቢሮዬ መጡና ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወንዙን ካርታ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግማሽ መሬት ይበቃዋል?»

«ይበቃናል» አልኳቸው።