የአው ሙመድ ቀበቶ

«ቁጭ በል።»

ግሩም ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ወደተጠራበት የጫት በርጫ ሊሄድ የቀረው አርባ ደቂቃ ነው።

«እንደሱ አይደለም አቦ። መሬት ላይ፣ እንደ በርጫ። በግራ ክንድህ ተደገፍ።»

ሽማግሌው ቆዳ ሰፊ አው ሙመድ የቀፊራ ገበያ ሱቃቸውን በር ገርበብ አድርገው ፊቱ ተንበረከኩ።

በድሬዳዋ ሙቀት ሽጉጥ መደበቅ ፈተና ነው። ኮት የሚለብስ የለም። የጦር መሣሪያ ኮንትሮባንዲስቱ አብሺር ቤት በርጫ የተጠራ ደግሞ ገና ሲገባ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ይታጠቃል፤ ሱሪ ላይ የታሰረ የሽጉጥ ማኅደር እዚያው ከሱሪው ጋር ይሰቀላል። የብብቱን ሞክሮ ነበር፤ ከስስ ሸሚዝ ሥር አበጠበት። የቁርጭምጭሚቱን ሽርጥ የሚሸፍነው ሰው ቆሞ እስካለ ብቻ ነው። የቀረው ሽማግሌዎች ሽርጣቸው ላይ የሚታጠቁት ሰፊ ቀበቶ ነበር፣ ማኅደሩ በውስጥ በኩል የተሰፋ።

«የት ላይ ይጎረብጥሃል?»

«ዳሌዬ ላይ።»

«ወደ ፊት ላምጣው።» ቀበቶው ክብደት እንዳያጥፈው ድርብ የበሬ ቆዳ ነው። ገበሩን ላብ እንዳያስቸግረው ከለስላሳ የፍየል ቆዳ ሰፍተውታል። «አሁንስ?»

«አሁን መኖሩም አይታወቀኝ።»

«እንደሱ ነው እንጂ።»

ለትራንዚተር ሪቮልቨር ምን ይሠራለታል ብለው አልጠየቁም። ለድሬ ሰው ግሩም ከዚራ ሰፈር ቢሮ ያለው ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ለደኅንነት መሥሪያ ቤቱ «ዋንዛ» ነው። አለቃውን «አጎቴ» ይለዋል። ሥራው የአብሺር የጦር መሣሪያ መኪና በየት እንደሚወጣ ማወቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሲለኩት አው ሙመድ በጨዋታ መሃል ለአብሺር ሰዎች አሥራ አንድ ማኅደር መስፋታቸውን ነግረውት ነበር። ዋንዛ ለአጎቴ ጻፈው። የሽማግሌውን ስም ጨምሮ። ስማቸው አያስፈልግም ነበር። ትጉህ ለመባል ነው የጻፈው።

አብሺር ቤቱ በር ላይ በፈገግታ ተቀበለው። ሽርጥ ተሰጠው፣ ታጠቀ፣ በግራ ክንዱ ተደገፈ። ሁለት ሰዎች በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ወሪያ ግሩም፣ ጆሮ ጠቢ አለብን» አለ አብሺር ጫቱን እየቀነጠሰ።

ግሩም አልተንቀሳቀሰም።

«ዛሬ ጠዋት የማላውቀው ሰው ደወለ። ጆሮ ጠቢው ቆዳ ሰፊው ሙመድ ነው አለኝ። ወላሂ፣ ስንት ማኅደር እንደሰፋልን እንኳ ያውቃል። አሥራ አንድ።»

አሥራ አንድ።

ያንን ወረቀት ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው። አጎቴ ሽማግሌውን ሸጧቸዋል፣ ዋንዛ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ።

«አንተም እሱ ጋ ትሄዳለህ አሉኝ። ነገር ይጠይቃል?»

ቀኝ እጁ ሆዱ ላይ ነበር። ከጣቶቹ ሥር ስድስት ጥይት። «አይጠይቁም» ቢል አብሺር ሌላ ጆሮ ጠቢ ይፈልጋል። ለዚያም ሩቅ አይሄድም።

«ይጠይቃል» አለ ግሩም። «ብዙ ይጠይቃል።»

ሽማግሌው የጠየቁት የት እንደሚጎረብጠው ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አብሺር ራሱን ነቀነቀ። በሩ አጠገብ ካሉት አንዱ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አብሺር እንደ ወንድም አዋየው፤ መኪናው ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ሲሚንቶ ጭኖ፣ በዋሂል መንገድ ይወጣል።

በርጫ አቋርጦ የሚነሳ ይጠረጠራል። ግሩም ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ቀበቶው አንዴም አልጎረበጠውም።

በማግስቱ መኪናው ዋሂል ላይ ተያዘ። አብሺርም ከነሰዎቹ ታሰረ። አጎቴ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሽጉጡን ተረከበው።

«ለአብሺር የደወልከው አንተ ነህ?» አለ ግሩም።

«የጻፍከው አንተ ነህ።»

ግሩም ወደ ወገቡ አየ። «ቀበቶውስ?» አለ።

«መዝገብ ላይ የለም። ያንተው ነው።»

ቀፊራ ሄደ። አው ሙመድ ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ፣ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርኑ በጀሶ ታስሮ። ወስፌያቸው ያልተጨረሰ ጫማ ላይ እንደተሰካ ነው።

«ምን ሆኑ አው ሙመድ?»

«ሰዎች መጡ። ለማን ነገርክ አሉኝ። ምን እንደነገርኩ እንኳ አላውቅ።» ወገቡን አዩት። «ጎረበጠህ እንዴ? አሁን ማስተካከል አልችልም ልጄ። ሌላ ሰው ጋ ውሰደው።»

ግሩም «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ።

«አይጎረብጥም» አለ።

አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው በግራ እጃቸው ትከሻውን ቸብ አደረጉት።

አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ስሙን ጠየቀው።

«ይሳቅ» አለ፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው አዲስ ስም ነው።

ሰውየው ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰደው። ይሳቅ ወገቡ ላይ ባዶ ማኅደር አለ። በእጁ ካልዳሰሰው መኖሩም አይታወቅም። እስከ አዋሽ ድረስ ሲዳስሰው ነበር።