ያልተጻፈው ኪኒን

«እናትሽ ኪኒናቸውን ከተዉ ስንት ቀን ሆናቸው?»

ዝናሽ ወደ እናቷ ዞረች። ኪኒኑ መቋረጡን ራሱ ገና አሁን መስማቷ ነው።

የጤና ጣቢያው ነርስ የግፊት መለኪያውን ከወይዘሮ ዓይናለም ክንድ ላይ ፈታች። «መቶ ዘጠና! ኩላሊትዎ ታሞ እያለ ማን ነው ተዉ ያለዎት?»

«ማንም አላለኝ። ራሴ አንብቤ ነው» አለች እናቷ። ፊደል የቆጠረችው አምና በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ፣ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረ። «ለወላጆች ስብሰባ ሄጄ፣ የልጆቹ የሳይንስ ክበብ ክፍል ግድግዳ ላይ ‹ቀይ ሥር የደም ሥርን ይከፍታል፤ የኩላሊት ታማሚን ግፊት ያወርዳል› ይላል። ጭማቂውን እያጠጡ ግፊት የለኩትም እኔኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ጧት ማታ ጭማቂውን ነው የምጠጣው።»

«ቀይ ሥር ውስጥ ናይትሬት የሚባል ነገር አለ፤ የደም ሥርን ያላላል፤ ውሸት አይደለም» አለች ነርሷ። «የኪኒን ምትክ ግን አይሆንም። ፖታሲየምም ይበዛበታል። የደከመ ኩላሊት እሱን ማስወጣት ካቃተው ልብን ያውካል። ጭማቂውን ይተዉ፤ ኪኒንዎን ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ደምዎም ይመርመር።»

በማግስቱ ዝናሽ የሳይንስ ክበቡን በር በርግዳ ገባች። ጓደኛዋ ሕይወት ያንኑ የግድግዳ ፖስተር ለሳይንስ ዐውደ ርእዩ ታስተካክላለች።

«እማዬን መጀመሪያ ቀን የለካሻት መቼ ነው? ከጋፋት ገብስ ተሸክማ ዳገቱን ወጥታ፣ ላቧ ሳይደርቅ! በመጨረሻው ቀን ግን ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ!»

«ኧረ አታካብጂ!»

«ኪኒኗንስ? ያኔ በየቀኑ ትውጥ ነበር። የት ጻፍሽው?»

ሕይወት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጽፌው ነበር። ቲቸር ካሳሁን ‹ነገሩን ያደበዝዘዋል› ብለው አስጠፉኝ። ዝኑ፣ በእናትሽ! ዛሬ ሥራችንን የሚዳኙ እንግዶች ይመጣሉ። አንደኛ ከወጣን እኮ ባሕር ዳር ነው የምንሄደው!»

«በእናቴ አትለምኚኝ!»

መምህር ካሳሁን እንግዶቹን አስከትለው ሲገቡ ዝናሽ ከፖስተሩ ፊት ንቅንቅ አላለችም። መምህሩ ፈገግታቸውን ሳይለቁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ዞር በይ። የምትይው ካለሽ በኋላ እንነጋገራለን።»

በኋላ! እናቷ ሰው ሳያግዛት ያነበበችው የመጀመሪያ የግድግዳ ጽሑፍ ይኼ ነው። ተጽፎ አየችው፤ ስለተጻፈም አመነችው።

ዝናሽ ከጠረጴዛው ላይ ማርከር አነሣች። ፖስተሩ ላይ ተጣድፋ ስለጻፈች ፊደሉ ተንጋደደ፦ «ወይዘሮ ዓይናለም ኪኒናቸውንም ይውጡ ነበር። መጀመሪያ የተለኩት ዳገት ወጥተው ሳያርፉ ነው። ኪኒን አትተዉ።»

«አንቺ! አብደሻል?» መምህሩ ወዲያው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ይቅርታ፤ ወደሚቀጥለው ክፍል እንለፍ።»

በሩ አጠገብ የቆሙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ይሻው ግን ወደ ፖስተሩ ቀረቡ። ጣታቸውን ከተንጋደደው ጽሑፍ ሥር እያስኬዱ እያንዳንዱን ቃል በቀስታ አነበቡ።

«እኔም የግፊቴን ኪኒን ሰኞ ነው የተውኩት፣ ልጄ» አሉ። «ይኼንኑ አይቼ።»

«ጋሼ፣ ይውጡ እንጂ! በሩ ይዘጋ!» አሉ መምህሩ ከኮሪደሩ።

እንግዶቹ ወጥተዋል። ሕይወት አንዴ ዝናሽን፣ አንዴ በሩን አየችና እሷም ወጣች። ጋሽ ይሻው ግን ከዝናሽ ጋር ቀሩ።