ቦታቸውን ያልለቀቁት ከበሮ መቺ

ጋሽ ገለታ የሞቱት ባልተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ ከውሃ ጀሪካን አሥር እርምጃ ርቀው ነው። ሐኪሙ «ሙቀት ነው የገደላቸው» አለ። በሐምሌ ጅቡቲ ውስጥ ሙቀት ሰው ቢገድል አይደንቅም። ኢንስፔክተር ኑሪያን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር፤ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክመው ያረጁ ሰው ተነስተው በር መግፋት እንዴት ያቅታቸዋል?

በማግስቱ ጠዋት ባሺርን በካቴና አስራዋለች። ባሺር የግቢው ባለቤትና በረዶ ሻጭ ነው። ከጋሽ ገለታ ሞት አንድ ቀን በፊት «ይህን ጩኸት ካላቆማችሁ መብራት እቆርጣለሁ!» ሲል አርሂባ ሰፈር በሙሉ ሰምቶታል። ሬሳው ሲገኝ የክፍሉ ማራገቢያ፣ ቬንቲላተሩ፣ ቆሞ ነበርና ሰፈሩ ፈረደበት፤ ኑሪያም ከሰፈሩ ጋር ፈረደች። አሁን ክፍሉ መሐል ቆማ ስታስበው መቸኮሏ ከነከናት።

«ጋሽ ገለታ እዚህ ምን ይሠሩ ነበር?» አለች፣ የድሬዳዋ እናቷ ባስተማረቻት አማርኛ።

«ከበሮ ሊመቱልኝ ነው የመጡት» አለ የክፍሉ ተከራይ ልደቱ። የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ በላፕቶፑ ሙዚቃ ያቀናብራል። «የኮምፒዩተሩ ከበሮ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለብኝ። ከሥሩ እውነተኛ ከበሮ ሳስገባበት ሥጋ ለበሰ። ቤዙን ቀነስ ሳደርግለት ደግሞ ጎልቶ ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«በመኪና ስፒከር እንዴት እንደሚሰማ ልሞክረው ቡላኦስ ሰፈር ሄድኩ፤ የጓደኛዬ ሚኒባስ ጋ። ስወጣ ደህና ነበሩ፣ ቬንቲላተሩም ይዞር ነበር። ባሺር ነው መብራት ያጠፋው።» ይህን ሲል የሚያየው ግድግዳውን ነበር።

ኑሪያ የልደቱን ዘፈኖች ወደምትዘፍነው ልጅ ዞረች። ጽጌሬዳ ቀን ቀን ሀራሙስ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ያን ቀን ግን እሷም ልደቱም ሥራ አልነበራቸውም።

«ሬሳውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ምን አየሽ?»

«ሁለት ብርድ ልብስ በገመድ ተሰቅሎ ድንኳን መስሏል፤ አምፖሉ ከላይ ቦግ ብሏል። እሳቸው ከበሮውን እንዳቀፉ ቀርተዋል።»

«ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ገብቶ ነበር?»

«ማንም። ጎረቤቶች ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ከልደቱ በኋላ የገባ የለም አሉ።»

ኑሪያ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። ከበሮውና ወንበሩ የነበሩበት ቦታ ዙሪያውን በፕላስተር ተከቧል፤ ፖሊስ የለጠፈው አይደለም። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ የመጨረሻውን ቀረጻ ሦስት ጊዜ ሰማች።

«ከሥሩ እምምም የሚል ነገር አለ።»

«የባሺር ፍሪዘር ነው፣ በግድግዳ ያልፋል። እሱን ማጥፋት አልቻልኩም» አለ ልደቱ፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

ኑሪያ ባሺርን ከጣቢያ አስመጣችና ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ጎረቤቱም በሩ ላይ ተኮለኮለ።

«ባሺር መብራት ቆርጦ ቢሆን አምፖሉም ይጠፋ ነበር» አለች። «ቆርጦ መልሶት ቢሆን ደግሞ ቬንቲላተሩም አብሮ ይነሳ ነበር። አምፖል በርቶ ቬንቲላተር ከቆመ፣ የጠፋው በራሱ ማብሪያ ነው። ማን አጠፋው? ቀረጻው ላይ ከግድግዳ ወዲያ ያለው ፍሪዘር ይሰማል፤ እዚሁ ራስ ላይ ያለው ቬንቲላተር ግን አይሰማም። ልደቱ፣ ከበሮው ጥርት እንዲል ያጠፋኸው አንተ ነህ። ከአንተ በኋላ ማንም ስላልገባ፣ እንደጠፋ ትተኸው ሄደሃል።»

«ታዲያ ለምን አልወጡም?» አለች ጽጌሬዳ።

«ፕላስተሩን አላየሽም? ከዚያ እንዳይወጡ የነገራቸው ሰው አለ።»

ልደቱ የበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«ማይኩ አንድ ጣት ከተነቃነቀ ድምፁ ይለወጣል» አለ። «‹ጋሽ፣ እስክመለስ ከቦታዎ እንዳይንቀሳቀሱ፤ ቬንቲላተሩንም አይንኩት፣ ብርድ ልብሱን ያወዛውዘዋል› አልኳቸው። ‹እሺ ልጄ› አሉኝ። አሥር ደቂቃ ነበር ያልኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ከበሮው ሲያምርብኝ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ለከበሮ ድምፅ ሲል ሽማግሌ ረሳ ከምባል... አፈርኩ። ባሺርን ያስበላሁት አፍሬ ነው።»

ጽጌሬዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባሺርን ሲረግሙ የነበሩት ጎረቤቶች አንዳቸው የሌላቸውን ዓይን ሸሹ። ኑሪያ ካቴናውን በራሷ እጅ ፈታችና «ይቅርታ፣ ሳላጣራ ነው ያሰርኩህ» አለች፤ ቀና ብላ ግን ልታየው አልቻለችም።

ባሺር የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ልደቱ ተራመደ። በጥፊ ሊለው ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሱ ግን አጠገቡ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ወላሂ፣ አንተ ከወጣህም በኋላ ከበሮው ቀስ እያለ ይመታ ነበር» አለ። «ቀትር ላይ ጋደም ብዬ ስረግም ቆየሁ። ኋላ ዝም ሲል ‹አልሐምዱሊላህ› ብዬ ተኛሁ።»