እንደ ጠበል የደረቀ ባሕር

ቆዳው ስለቀላ ብቻ ሰውን በረሃ መሐል ከካሚዮን ታወርዳለህ? አትቸኩል፤ አስበህ መልስ። የቀራንዮው ሾፌር አሰፋ ግን ሳያስብ አወረደ። ያወረደውም ባዳ አልነበረም፤ ከፋሲካ በኋላ እህቱን የኔነሽን ሊያገባ ቀን የቆረጠውን ዳኛቸውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው አሰብ ላይ ነው። ዳኛቸው የሠርግ ልብስ ሊገዛ ከአሰፋ ጋር ወረደ፤ ባሕርንም ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ካኪ ሱሪውን እንዳጠለቀ ገባበት። ውሃው ሞቅ አድርጎ ተሸከመው፤ ሰማዩ የት እንደሚያልቅ፣ ባሕሩ የት እንደሚጀምር ጠፋው። ሲወጣ አንድ የወደብ ሠራተኛ የቧንቧ ውሃ አሳየው። ዳኛቸው ሳቀ። ጠበል ተጠምቆ በሌላ ውሃ የሚለቃለቅ፣ በፎጣ የሚጠርግ ማን አለ? እንዲህ ያለ ውሃማ ገላ ላይ ይድረቅ እንጂ! እርጥብ ሱሪውን እንደለበሰ ካሚዮኑ ላይ ወጣ።

ጨዉ ከላብ ጋር ተለወሰ። የአፋር በረሃዋን ሰርዶን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ጭኑ፣ ብብቱ፣ አንገቱ ተልጦ ቀልቶ ነበር። አሰፋ አየና ፍሬን ያዘ።

«ውረድ።»

«ምን ሆነሃል?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ! የዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ጎረቤት ነኝ፤ ደዌ ሲጀምር እንዴት እንደሚጀምር እያየሁ ነው ያደግኩት።»

«ሱሪው ፈትጎኝ ነው እኮ፣ አሴ!»

«ሱሪ ሰው ይበላል? ለዚህ ገላ እህቴን አልሰጥም። አዋሽ ወንዝ ጋ መኪና አታጣም። ቀራንዮ ግን ድርሽ እንዳትል፤ ለሁሉም እናገራለሁ።»

የሠርግ ልብስ ጥቅሉንና የውሃ ኮዳውን ወረወረለትና ሄደ። ፈርቶ ነው ትለኝ ይሆናል። ፍርሃት መሪ ይጨብጣል እንዴ?

ነፋሱ ተነሣ። አሸዋው የተላጠ ቆዳው ላይ እየተለጠፈ እንደ ሞረድ ፈገፈገው። ዳኛቸው እግሩን ከፍቶ፣ ክንዱን ከጎኑ አርቆ፣ እንደ ቆሰለ አሞራ ተራመደ። እያንዳንዱ እርምጃ አቃጠለው። ከቁስሉ ይልቅ የገደለው ግን እሱም ደዌ ይዞኛል ብሎ አሰፋን ማመኑ ነበር።

ከፊቱ ባሕሩ መጣ። በጠራራው ፀሐይ፣ በድንጋዩ ላይ እየተንሳፈፈ መጣ። በላዩ የኮልፌ ባሕር ዛፎች ቆመዋል፤ ከዛፎቹ ሥር የኔነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቀዋለች። እሱ ሲቀርብ ትርቃለች፤ ሲቆም ትቆማለች። ኮዳው ባዶ ሆነ። ጥቅሉን ፈታ፤ ለቀሚሷ የገዛውን ነጭ ሐር ቀድዶ ጭኖቹን ጠቀለለ። ሐሩ ቆዳውን አባበለው። እንደገና ተራመደ።

አዋሽ የደረሰው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጠጣ። የረጠበ እጁን ሲልስ ቆመ፦ ጨው! እንደገና ክንዱን ላሰ፤ ጨው! ደዌ ጨው ጨው ይላል? ዘልሎ ገባ፤ አሸ፣ ለቀለቀ፣ ነከረ። ቃጠሎው እንደ ሕልም ከላዩ ተገፈፈ።

ያን ጊዜ አጠገቡ ያለው ግንድ ዓይኑን ገለጠ። አዞ! ዳኛቸው ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ኮዳ አውልቆ አፉ ውስጥ ወረወረበት፤ መንጋጋው በቆርቆሮው ላይ ሲገጥም እሱ የዛፍ ሥር እየጨበጠ አፋፉ ላይ ወጣ። በጀርባው ተንጋልሎ ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ።

ጥጥ የጫነ መኪና አዲስ አበባ አደረሰው። ቤቱ አልገባም። ድሮ ትንፋሹን ይዞ ያልፈው ወደነበረው የዘነበወርቅ ሆስፒታል ሄደና ከሕመምተኞቹ ራቅ ብሎ ቆመ። ጣቶቿ ያለቁ ዋጋነሽ የሚሏት ሴት አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችለት።

«ና ተቀመጥ ልጄ፤ እኛ እንኳ አንናከስም።»

ፊቱ በእፍረት ጋለ። ተቀመጠ። ሐኪሙም አገላብጦ አየው፦ «ንጹሕ ነህ። የላጠህ ጨዉና እርጥብ ልብስህ ነው።»

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ዳኛቸው በቀራንዮ መድኃኔዓለም ግቢ ታየ። ዋጋነሽ ክንዱን ተደግፋለች። የአሰፋን ወሬ የሰማው ሕዝብ እንደ ውሃ ተከፈለ። አሰፋ ከሽማግሌዎቹ መሐል ገረጣ፤ የኔነሽ ግን ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ወደ ዳኛቸው ተራመደች።

«ሐኪም አይቶሃል? ምን አለ?» ብለው ጠየቁ አንድ ሽማግሌ።

«እሱን ኋላ እነግርዎታለሁ፣ አባቴ። አሁን ደዌ ነው እንበል» አለና ወደ አሰፋ ዞረ። «አሰፋ! ደዌ ቢሆንስ ኖሮ፣ ሰው በረሃ ላይ ይጣላል? ይህችንስ እናት የት ልትጥላት ነው? ስሜን ያጠፋኸው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው፤ በዚሁ ሰው ፊት መልስልኝ!»