አስራ ሦስት ቁልፍ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ግንባሯ ነጭ ስለሆነች አንዲት መኪና ልንገራችሁ።

መኪናዋ ቀይ ናት፤ ግን አርጅታለች። አንድ ቀን ከግንብ ጋር ተላትማ ግንባሯ ጭርምትምት አለ።

ባለቤቷ፣ የትንሿ ልጅ የናርዶስ አባት፣ ከሌላ አሮጌ መኪና ላይ ነጭ የሞተር ክዳን አምጥቶ ገጠመላት። ናርዶስም «ቦራ» ብላ ስም አወጣችላት። ግንባሩ ነጭ የሆነ ፈረስ ቦራ ይባል የለ?

ቦራ ግን አትሄድም። ግቢ ውስጥ ዝም ብላ ቆማለች። ዶሮዎቹ ጣሪያዋ ላይ ወጥተው ያንቀላፋሉ።

አባዬ ጋራዥ አልወሰዳትም። ለጋራዥ የሚከፈለው ብር ለእማዬ ገንፎ ቅቤ ይገዛበታል፣ እኔው እጠግናታለሁ አለ።

እማዬ ሐኪም ቤት ናት። ትናንት ወንድ ልጅ ወልዳለች። ዛሬ ከሰዓት ትወጣለች።

ናርዶስ ወንድሟን ገና አላየችውም። በቦራ ሄዳ፣ በቦራ ልታመጣው ፈልጋለች።

ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ሳይመጣ ቦራ መነሳት አለባት።

አባዬ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቷል። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ናርዶስዬ» አለ ከሥር ሆኖ። «አንድ ብሎን ብቻ ቀረኝ። ብረቱን ደግፌ ይዣለሁ፣ መነሳት አልችልም። አስራ ሦስት ቁልፍ አምጪልኝ።»

ናርዶስ በጣቶቿ ቆጠረች። ጣቶቿ አለቁ፤ ቁልፉ ገና ሦስት ይቀረዋል።

ወደ ቤት ሮጠች። የበሩን ቁልፍ፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ፣ የአጥሩን በር ቁልፍ። ሦስት ሆነ።

በቀሚሷ ቋጠረችው። ኪል ኪል ኪል። አልበቃም።

እትዬ ዘውድነሽ ሱቅ ሄደች። አባዬ መኪናዋን ሊያስነሳ ቁልፍ ይፈልጋል አለቻት። እትዬ ዘውድነሽ ነገሩ አልገባትም፤ ግን ለአራስ ቤት ምን ይከለከላል? አራት ቁልፍ ሰጠቻት።

ሰባት ሆነ። ኪል ኪል ኪል። አልበቃም።

ልብስ ሰፊው ጋሼ ምናለ ሁለት ሰጣት። «ቆይ፣ አባትሽ መኪና ነው የሚጠግነው፣ እስር ቤት ነው የሚከፍተው?» አላት።

ዘጠኝ ሆነ። ኪል ኪል ኪል። አልበቃም።

ወፍጮ ቤት ያሉት ሐጂ ሙዘይን ዱቄት የለበሱ ሦስት ቁልፎች ሰጧት። አስራ ሁለት። አንድ ብቻ ቀረ።

ጎረቤቷ አሮጊቷ እማማ ብርቄ አንዲት ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

«ይቺ ከአንገቴ ወርዳ አታውቅም» አሉ እማማ ብርቄ። «ከፈለጋችኋት ከነአንገቴ እመጣለሁ።»

ምርኩዛቸውን ይዘው ተከተሏት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከነአንገታቸው አስራ ሦስት ሞላ።

ናርዶስ ቁልፎቹን አባዬ አጠገብ ዘረገፈች። ኪልልልል!

አባዬ እጁን ዘርግቶ ዳበሰ። ከዚያ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው።

«ናርዶስዬ፣ አንዲት ቁልፍ ነው የፈለግኩት። ብሎን የምታጠብቀዋን። አስራ ሦስት ተብሎ ተጽፎባታል።»

ናርዶስ ጎማው ሥር አየች። አንድ ረጅም ብረት ተጋድሟል። አንድ ቁጥርና ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን አሉበት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ሁሉ ሰዓት የአባዬ እጅ ዝሏል።

አባዬ ግን አልተቆጣም። የመካኒክ ቋንቋ ያወራሁብሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። ናርዶስ ብረቱን አቀበለችው።

ጥርቅ። ጥርቅ። ጥርቅ። ብሎኑ ጠበቀ።

አባዬ ከሥር ወጥቶ መኪናዋ ውስጥ ገባና ሞተሩን ሞከረ። እኝ… እኝ… እኝ… ጸጥ።

ደግሞ ሞከረ። እኝ… እኝ… ጸጥ።

ባትሪዋ ደክሟል። ካልገፏት አትነሳም። አንድ አባትና አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ መኪና አይገፉም።

አባዬ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። ጠብ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ወረደች።

ኳ! ኳ! ኳ! በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ዘውድነሽ ናት። ዝናብ መጣ፣ ሱቄን ልዝጋበት፣ ቁልፌን አለች። ጋሼ ምናለም ከኋላዋ አለ። ሐጂ ሙዘይን ከሁለት ሠራተኞቻቸው ጋር መጥተዋል። እማማ ብርቄማ ድሮም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ናርዶስ ሁሉንም አየቻቸው። ቦራንም አየቻት።

«ቁልፋችሁን እሰጣችኋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ግፉልን።»

ጋሼ ምናለ ከት ብሎ ሳቀና እጅጌውን ሰበሰበ። ናርዶስ ቦራ ውስጥ ገባች።

ሆ! ሆ! አንድ ላይ!

ቦራ ንቅንቅ አለች። እማማ ብርቄ በምርኩዛቸው ጫፍ ገፏት።

ሆ! ሆ! አንድ ላይ!

ቱፍ። ቱፍ ቱፍ። ጥርርርርርር! ዶሮዎቹ ከጣሪያው ላይ በረሩ።

እፎይ አለ አባዬ። እፎይ አለች እትዬ ዘውድነሽ። እማማ ብርቄ እልልታቸውን አቀለጡት። ሁሉም ቁልፉን ከመሬት ለቅሞ ሄደ።

ሐኪም ቤት በር ላይ አባዬ ሞተሩን አላጠፋም፤ ከመሪውም አልወረደም። ቦራ ብትጠፋ እዚያ ማን ይገፋል?

ነርሷ እማዬን ደግፋ አመጣቻት። እማዬ ጋቢ ተከናንባለች። ጋቢው ውስጥ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ፊት አለ።

ናርዶስ አንድ ጣቷን ሰጠችው። ወንድሟ ጥብቅ አድርጎ ያዛት።

ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። ውስጥ ግን ደረቅ ነው፣ ሙቅ ነው። ጥርርርር ትላለች ቦራ። ሕፃኑ ተኛ።

ግቢ ደረሱ። አባዬ ሞተሩን ቀስ አድርጎ አጠፋ።

ጸጥ አለ። የዚህ ጊዜው ጸጥታ ግን ደስ ይላል።

ሕፃኑ በእንቅልፍ ልቡ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እፎይ።