ከቢጫው ጀሪካን ስር

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። ገመዱን የያዘው ግን የኔ እጅ ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ነፋስ የሚባል የለም... ውሃው ዝም ብሏል።

ሥራዬ የግድቡን ጥልቀት መለካት ነው። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ውሃው አልበቃ አለና ግድቡን ከፍ አደረጉት። ውሃው ሽቅብ መጥቶ ሰፈራችንን ዋጠው። የኛም ቤት ከስር ቀረ።

ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ሰፈር ሄደ። ታላቅ ወንድሜ ብቻ "እናንተ ቅደሙ፣ እደርሳለሁ" አለን።

ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

እናቴ ማታ ማታ ስትደውል ሰላምታ እንኳ የላትም። "ወጥቷል ወይስ እዚያው ነው?" ብቻ ነው የምትለኝ። ይህን ሥራ ለምኜ የገባሁትም እሱኑ ላጣራ ነው። ግድቡ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ብቻዬን እኖራለሁ። ከሥራ መልስ የማወራው ከግድግዳው ጋር ነው። ብቸኝነት ሰውን እንዲህ እንደሚያደርቅ አላውቅም ነበር።

ጀልባዋን የሚቀዝፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። "ቀስ በል" ማለት ስለሚያበዙ ስማቸው ጋሽ ቀስበል ሆኖ ቀርቷል።

መለኪያችን ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ነው። ከብረቱ ስር ግራሶ እንቀባለን፤ ታች ያለው ተጣብቆ ሲወጣ ጭቃ ይሁን አሸዋ እናውቃለን። የምንለካበትን ቦታ የሚያሳየን ተንሳፋፊ ቢጫ ጀሪካን ነው። አንዱ ጀሪካን ያረፈው ልክ ከቤታችን በላይ ነው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ነቅለን ስለወሰድነው ብረቱ ቀጥ ብሎ ቤት ውስጥ ይገባል።

ሁሌ የሚወጣው ጭቃ ነው።

የዚያን ቀን ግን... አመድ ወጣ።

ደረቅ አመድ።

በጣቴ ነካሁት። ይሞቃል።

"ጋሽ ቀስበል... እስቲ ይሄን ይንኩት።"

ነኩት። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ።

"ፀሐይ ነው ያሞቀው።"

"አሁን ከውሃ የወጣውን?"

"ነገር አትፈልግ ልጄ። ጭቃ ነው ብለህ ጻፍና እንሂድ።"

እንዴት ብዬ ልሂድ? ወንድሜ እዚያ ካለ ማወቅ አለብኝ። ግራሶውን ቀብቼ እንደገና ለቀቅኩት።

ብረቱ ወለሉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ወገብ ያህል ሲቀረው... በቀስታ። ሰው እጁን ዘርግቶ የተቀበለው ይመስል ነበር።

ሳብኩት። እሺ ብሎ መጣ።

ግራሶው የለም። ተጠርጓል። የጣቶች መስመር ይታያል።

ያኔ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

"ወንድሜ ነው" አልኩ። "እዚህ ነው ያለው።"

"ቀስ በል" አሉኝ ጋሽ ቀስበል፤ መቅዘፊያቸውን አነሱ።

ብረቱን መልሼ አወረድኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ... እጁን ልይዘው ፈልጌ ይመስለኛል። ታች ሲደርስ ገመዱ ቀስ ብሎ ተሳበ። አንዴ። ከዚያ ያዘኝ።

ስልኬ ጮኸ።

እናቴ ነች። በቀን ደውላ አታውቅም።

"ልጄ... መጣ።"

"ማን?"

"ወንድምህ ነዋ። ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል።"

ስልኩን ተቀበላት። ራሱ ነው። ያው ሳቁ፣ ያው ሳሉ። ሩቅ ቦታ ሥራ ላይ እንደነበር፣ ስልኩ እንደጠፋበት ነገረኝ... ግማሹን አልሰማሁትም። ከደስታዬ ብዛት ጀልባዋ ወለል ላይ ዝርፍጥ አልኩ።

ከዚያ ዓይኔ ገመዱ ላይ አረፈ። አሁንም ተወጥሯል።

"ስማ..." አልኩት በሹክሹክታ። "ቤት ውስጥ ማን ቀረ?"

"ማን ይቀራል? ወና ቤት። ይግረምህና በሩን ቆልፌ ነው የወጣሁት። ጣሪያ ለሌለው ቤት ቁልፍ... ልማድ ክፉ ነው" ብሎ ሳቀ።

ገመዱ እጄ ላይ ላላ።

የተበጠሰ መስሎኝ አጎነበስኩ። አልተበጠሰም።

"ቁረጠው" አሉ ጋሽ ቀስበል። "ቶሎ።"

እኔ እየሳብኩ አልነበረም። ገመዱ ግን ከስር እየመጣ፣ ዙር በዙር ውሃው ላይ ይተኛ ጀመር። ብረቱን ተሸክሞ የሚወጣው አልቸኮለም።

"አለህ?" ይላል ወንድሜ ከስልኩ ውስጥ። "ወንድም ጋሼ መጣ ስትባል ዝም ትላለህ እንዴ... አለህ?"

ሌላ አንድ ዙር ገመድ ወጥቶ ጀልባዋ ጥግ ላይ ተኛ።