በወገኔ ቪዲዮ ቤት የተሰማው ድምፅ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቆሰበር ገበያ ጥግ ባለው ቪዲዮ ቤት ሰው ጢም ብሎ የጥንት የእንግሊዝ የስለላ ፊልም ያይ ነበር። በዚያው ሰዓት ባለቤቱ ወገኔ ጓሮ ባለችው ዕቃ ክፍል በመዶሻ ተመትቶ ሞተ።

ፖሊስ ትኬት ቆራጩን ሀብቱን ያዘ። ጠዋት ከወገኔ ጋር ሲጨቃጨቅ ታይቷል፤ ፊልሙ ሲታይም ከአዳራሹ ውጭ የነበረው እሱ ብቻ ነው ተባለ። እናቱ ካሳነሽ «እሱን ካሰራችሁ እኔንም ጨምሩኝ» ብላ ከጣቢያው ደጅ አልነሣ አለች።

የመርማሪዋ የኢንስፔክተር ዋጋዬ አለቆች ሀብቱን ማክሰኞ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡ ተጣድፈዋል። እሷ ግን ሰው ሁሉ የተስማማበት ጥፋተኛ ሲቀርብላት ይበልጥ የምትጠራጠር ሴት ናት። በመጀመሪያ የሟቹን ሚስት የሻረግን አነጋገረች።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ፊት ወንበር ላይ። ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ተርጓሚው ሽባባውስ?»

«እንደ ልማዱ መጋረጃው ጀርባ ሆኖ በማይክ ይተረጉማል። አፉ አላረፈም። የእድር ጥሩምባ በደጅ ሲያልፍ እንኳ እኛ ‹ነፍስ ይማር› ስንል እሱ ሰላይዋን ባቡር ላይ ያሯሩጣት ነበር። በሳቅ ገደለን።» የተናገረችው ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

ሽባባው ደግሞ ዘና ብሎ መለሰ። «ምስክሬ አፌ ነው። ቤት ሙሉ ሰው ሰምቶኛል። እየተረጎምኩ እንዴት ሰው እገድላለሁ?»

ዋጋዬ ክርክር አልገጠመችውም። ጥሩምባ ነፊውን ጋሽ ይኸነውን ፈልጋ አገኘቻቸው።

«ሽባባውን ታዝቤዋለሁ» አሉ። «ሌላ ጊዜ ጥሩምባዬን ከሰማ ፊልም አይል ምን አይል፣ ቀጥ ነው። ያን ቀን ግን ምን ነካው? ጥሩምባ የነፋሁላቸው ሟች እኮ የገዛ ጎረቤቱ ናቸው።»

ማክሰኞ ጠዋት የወገኔ አስከሬን ከምርመራ ተመለሰ። ዋጋዬ የሻረግን፣ ሽባባውን፣ ካሳነሽንና በካቴና የታሰረውን ሀብቱን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። መጋረጃውን ገልጣ፣ «ያንኑ ክፍል ድገመው» አለችው ሽባባውን።

መተርጎም ጀመረ፤ ቀስ በቀስም ሞቀው። «አንተ ከሃዲ! ከዚህ ባቡር በሕይወት...»

ከደጅ ጥሩምባ ጮኸ። «የወገኔ ቀብር ነው፣ ውጡ!» አሉ ጋሽ ይኸነው።

ሽባባው ቃሉን ቆርጦ ማይኩን አወረደ። «ነፍስ ይማር» አለ ሳያስበው።

«እሑድስ ለምን አላቆምክም?»

ሽባባው የማይኩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

«እኔ ልንገርህ» አለች ዋጋዬ። «መጋረጃው ጀርባ የነበረው ድምፅህ እንጂ አንተ አልነበርክም። ፊልሙን በቃልህ ታውቀዋለህ። ትርጉሙን ቀድመህ በስልክህ ቀዳህና ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘኸው። ከዚያ እዚሁ መጋረጃው ጀርባ ባለው በር ወደ ጓሮ ወጣህ። በዚያ በር ሰው ሳያየው መውጣት የሚችለው መጋረጃው ጀርባ የተቀመጠ ብቻ ነው። የተቀዳ ድምፅ ግን ጆሮ የለውም፤ ጥሩምባውን አልሰማም። ስልክህን ስጠኝ።»

ሽባባው ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። «ወገኔ የተተረጎሙ ሲዲዎች ከአዲስ አበባ አስመጣ» አለ። «‹ከእንግዲህ ያንተ አፍ አያስፈልገኝም› አለኝ። እኔ ከዚህ ማይክ ሌላ ምን አለኝ?»

የሀብቱ ካቴና ተፈታ። ካሳነሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጮክ ብላ አለቀሰች።

የሻረግ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«እዚችው ወንበር ላይ ነበርኩ» አለችው ሽባባውን። «አንተ ባሌን ስትገድል፣ እኔ በቀልድህ እየሳቅኩ ነበር።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ቀብሩ ወጣች።